በጠመኔ የሞላሁት ካሬ

እኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው። ልጅቷ ምን ተማረች፣ ጠባይዋ እንዴት ነው የሚለው ኋላ የሚደርስ ነገር ነው። ከማን ወገን ናችሁ? ቤታችሁ የሚጥል በሽታ አለ? ያበደ አለ? ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ገበያ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ሰው ሳይቀር ከመቃብር አስነስተው ይመረምራሉ። ይህን ነገር ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የምናደደው በእነሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። እኔ ራሴ አምቦ ከተማ የአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ፣ ይሄንኑ ጥያቄ ደመወዝ እየተከፈለኝ ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

የዘር ውርስ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ የአንድ ቤተሰብ ሥዕል እሥላለሁ። ወንድ ካሬ ነው፣ ሴት ክብ ናት። ጤነኛው ባዶ ይተዋል፣ በሽተኛው በጠመኔ ይሞላል። መጽሐፉ የራሱ ምሳሌ ነበረው፣ የፈረንጅ ነገሥታት ቤተሰብ። ምን አገባኝ በፈረንጅ ንጉሥ! የራሴን እሠራ ነበር። ከላይ ባልና ሚስት። ከሥራቸው አንድ ወንድ፣ የተሞላ፤ አጠገቡ እህቱ፣ ባዶ። ከእህቲቱ ሥር ሦስት ልጆች፦ ሴት፣ ወንድ፣ ሴት። መሀል ያለው ካሬ የተሞላ።

«እናትየዋ ጤነኛ ናት፤ ግን ተሸካሚ ናት» እላቸዋለሁ። «በሽታው በሴት ላይ አይታይም፣ በሴት በኩል ግን ያልፋል።»

«ቲቸር፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆችስ?»

«ግማሽ በግማሽ ነው። ሊሸከሙም ይችላሉ፣ ላይሸከሙም ይችላሉ።»

ያ ሥዕል የእኛ ቤት ነበር። ከላይ ያለው የተሞላ ካሬ የእናቴ ወንድም ነው። ከታች ያለው ወንድሜ ነው። ከሦስቱ ልጆች የመጀመሪያዋ ባዶ ክብ እኔ ነኝ። በየዓመቱ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ቤቴን ገልጬ አሳይ ነበር፣ ማንም አላወቀም።

ያደግነው ጉደር ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ቤቱን የሚያዘው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። አጎቴ እህል ነጋዴ ነው፣ ባለ ጋሪ ነው፣ ቁጡ ነው። አንድ ነገር ካለ አለ ነው። እናቴ ከአዲስ ዓለም አግብታ የመጣች፣ ጉደር ላይ ወገን የሌላት ሴት ስለነበረች «እርስዎ» እያለች፣ አንገቷን ደፍታ ኖረችለት። እኔ አልወደውም ነበር። ምን አለባብሰዋለሁ፣ እጠላው ነበር። የሚያበግነኝ ደግሞ፣ ስቆጣ ያየኝ ሰው ሁሉ «ቁርጥ አጎቷን!» ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ ድምፄ እንደሱ ይሰነጠቃል፣ የግንባሬ ሥር እንደሱ ይገተራል። ይሄን ውርስ ግን ሰሌዳ ላይ ሥዬው አላውቅም።

ወንድሜ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ድልድዩን የሚሻገረውን ሁሉ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በድምፁ ይለየዋል። «ይሄ አውቶቡስ ነው። ይሄ የአጎቴ ጋሪ ነው፣ አሁን ሊቆጣ ነው» ብሎ ያስቀን ነበር። በሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ ትኩሳት ያዘው። አንገቱ ደረቀ፣ ብርሃን ጠላ። እማዬ አምቦ ሆስፒታል ልውሰደው ብላ የአጎቴን ጋሪ ለመነች።

«መንገዱ ሰላም አይደለም። ነገ ይሻለዋል» አለ አጎቴ።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ጠራችኝ። «ሩጪ፣ እዚህ ያለው ጤና ጣቢያ ክፍት መሆኑን አይተሽ ነይ። ክፍት ከሆነ አዝዬው እሄዳለሁ» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሄጄ መጣሁና «ዝግ ነው» አልኳት። አጎቴም ዳግመኛ «ነገ» አለ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ዓይኑ ተገልብጦ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጋሪው የተገኘው ያኔ ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ መናገር ረስቷል። ከዚያ ወዲህ ይወድቃል፣ ይናደዳል፣ ይማታል፣ ሲለው ደግሞ ያለ ምክንያት ይስቃል። ከቀሩት ጥቂት ቃላት አንዱ «ነገ» ነው።

ታዲያ አጎቴ ጥፋቱን ሊቀበል? ምን በወጣው! ዓይኑን በጨው አጥቦ እናቴ ላይ ዞረባት። «ትኩሳት የያዘው ልጅ ሁሉ እንዲህ ይሆናል እንዴ? ትኩሳቱ ሰበብ ነው፤ ደሙ ውስጥ የነበረውን ነው ያወጣው። የአጎቱን አላያችሁም?» አለ። የእማዬ ወንድም አዲስ ዓለም የሚኖር፣ ሰው የማያናግር፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነበር። ወሬው መንደሩን ሞላ። ለቅሶ ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ እናቴ ባለፈችበት ሁሉ «ያቺ ደሟ የተበላሸው» ሆነች። እሷም አንድ ቀን አልመለሰችም። እንዴት ሰው እንዲህ ሲሰደብ ዝም ይላል እያልኩ በእሷም እናደድ ነበር።

ኮሌጅ ገብቼ «ተሸካሚ» የሚለውን ነገር ስማር ሁሉም ገጠመልኝ። የእናት ወንድም ታሟል፣ የእሷ ወንድ ልጅ ታሟል፣ እሷ ደህና ናት። ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አንድ ነው! ለአጎቴ ወሬ ሳይንስ አገኘሁለት። በዚያው ኮሌጅ ሌላም ነገር ተምሬ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ አንጎል ገና ግንባታ ላይ ያለ ቤት ነው፤ ቋንቋው፣ ቁጣን ዋጥ ማድረጉ፣ ሰው የሚለውን መረዳቱ ገና እየተዘረጋ ነው። በዚያ ዕድሜ የአንጎልን ሽፋን የያዘ ትኩሳት ሁለትና ሦስት ቀን ካደረ የተዘረጋውን ያቃጥለዋል፣ ልጁም ሌላ ሰው ሆኖ ያድጋል። ይሄንንም ፈተና ላይ አሳምሬ መልሼ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ወንድሜ ላይ ግን አላዋልኩትም። ለምን እንዳላዋልኩት እደርስበታለሁ።

በዚያ ሥዕል የመጀመሪያ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ አስተማሪ ይፈልገኝ ነበር፤ እኔም እወደው ነበር። ሽማግሌ ልላክ ሲለኝ «ልጅ አልወልድም» አልኩት። «እሺ፣ ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይባረራል? ሰድቤ ነው ያባረርኩት። በአስተማሪዎች ፊት፣ በዚያ በአጎቴ ድምፅ፣ «ገበሬ!» ብዬ ሰደብኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፣ አገባ፣ ወለደ። ለእማዬ «አልፈለግሁትም» አልኳት። እሷም አልጠየቀችኝም።

ከዚያ የታናሽ እህቴ ተራ ደረሰ። ወንድሜ ሲታመም የሁለት ዓመት ልጅ የነበረችው ወረዳ ቢሮ ተቀጥራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ የሸነን ከተማ ልጅ ወደደች። የግብርና ባለሙያ ነው፣ ጨዋ ነው። «ሽማግሌ ይመጣል» ሲባል አጎቴ እኔንና እማዬን ጠራ።

«ያ ልጅ እዚህ ከታየ ነገሩ አለቀ። አዲስ ዓለም፣ የእናንተ ዘመዶች ዘንድ ይሰንብት» አለ።

ሐሳቡ የአጎቴ ነው፤ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። እህቴ አለቀሰች። እማዬ መሬት መሬት አየች። እኔ «ልክ ነው» አልኩ! ለእህቴ ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር። ወንድሜን እማዬ ለእህታችን ሠርግ ብላ ቀድማ የገዛችለትን ሸሚዝ አልብሼ፣ ልብሱን በትንሽ ቦርሳ አድርጌ፣ ከጉደር አምቦ፣ ከአምቦ አዲስ ዓለም ወሰድኩት። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ መንገዱን ሙሉ ግን ቀሚሴን ጨብጦ ነው የሄደው። የእማዬ የአጎት ልጅ የሆነችው አክስቴ ቤት ምሳ ቀርቦለት ሲበላ ተነሣሁ። አየኝ።

«ነገ እመጣለሁ» አልኩት።

«ነገ» አለ፣ ደስ ብሎት።

ሦስት ሳምንት አልሄድኩም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ጉዳያቸው እስኪሰማ አለመቀመጥ ወጉ ነው። ሁለቱን አላውቃቸውም። ሦስተኛውን ግን ለየሁት። ድሮ ጉደር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ መርፌ ይወጋ የነበረው ሰውዬ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ሸነን ገብቷል። እማዬ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ዞር አልኩ።

ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፣ ተመራረቁ፣ እንዲቀመጡ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ፈራሁት ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ወንድ ልጅ አለ ሲባል ሰምተናል። ገበያ መሀል ሲወድቅ ያየውም ሰው አለ። ይቅርታ አድርጉልን፣ መጠየቅ ወግ ነው።»

አጎቴ ለደቂቃ እንኳ አልደነገጠም። «አዎ፣ አንድ አለ። ማል ጎና? ምን እናድርግ፣ በእናቱ ወገን የመጣ ነው። የእኛ ደም ንጹሕ ነው። ደግሞ ወደ ሴት አይወርድም። ከፈለጋችሁ አስተማሪዋ ታስረዳችሁ» ብሎ ወደ እኔ አገጩን ቀሰረ።

አስረዳሁ! ጉድ እኮ ነው፣ ተነሥቼ ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር አወረድኩና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሣልኩላቸው። ካሬ፣ ክብ፣ ካሬ። የእማዬን ወንድም አጠቆርኩት፣ ወንድሜን አጠቆርኩት። «እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው በወንድ ብቻ ነው» አልኳቸው። ግማሽ በግማሽ የሚለውን ዋጥኩት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዱማ «የተማረ ይግደለኝ» አለ።

እማዬ ከጓዳው በር መጣች። ሽማግሌ በተቀመጠበት ስትገባ አይቼ አላውቅም። ካላንደሩ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ያጠቆርሽው ማነው?»

«ወንድምሽ ነው፣ እማዬ።»

«ይሄስ?»

«ወንድሜ።»

ብዙ አየችው። «ወንድሜ በደሙ ታሞ አያውቅም» አለች። «ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በአንድ ክረምት ቀብሮ ነው ዝም ያለው። ከዚያ በፊት እንደሱ ተጫዋች አልነበረም። እዚህ ቤት አንድ ሰው ጠይቆኝ ቢሆን እነግረው ነበር።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ልጄም ደሙ አይደለም። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ስለዋለ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ...» አለ አጎቴ ብድግ ብሎ።

«አንተ ዝም በል!» አለችው። አንተ! ሃያ ዓመት «እርስዎ» ብላው ኖራ። «ጋሪህን የከለከልከኝ አንተ ነህ። ነገ፣ ነገ ያልከኝ አንተ ነህ።»

አጎቴ ተቀመጠ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደስታዬ ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም፤ ድሬሰሩ መነጽሩን አወለቀ።

«የትኛው ሰሞን ነው ያሉኝ? ያን ጊዜ እኮ እኔ ከጤና ጣቢያው ንቅንቅ አላልኩም። ዝርፊያ ፈርቼ የፊቱን መስኮት ዘጋሁ እንጂ የጓሮውን በር ከፍቼ ሳክም ነበር። መድኃኒቱም ነበረኝ። ለምን አላመጡትም?»

እማዬ አላየችኝም። ሆን ብላ ነው ያላየችኝ።

«ሰው ልኬ ነበር» አለች። «ዝግ ነው አሉኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ተማከሩና ተመለሱ። ትኩሳት ዘር አይደለም አሉ። ቀን ተቆረጠ፣ እህቴ እማዬ አንገት ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት። እኔ ካላንደሩን አጣጥፌ ይዤ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ጓሮ ጎመን ስትቀጥፍ ሄድኩባት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። ያን ቀን ጤና ጣቢያው ድረስ አልሄድኩም። መንገድ ላይ ሰው መጋዘን ሰብሮ ወንበርና ጆንያ እየተሸከመ ይወጣል። ቆሜ አየሁ። ከዚያ እኔም ገባሁ። አንድ ካርቶን ባለ ቀለም ጠመኔ አገኘሁና በቀሚሴ ሸጉጬ፣ የሚያየኝ ሰው እንዳይኖር በጓሮ በጓሮ ሮጬ ቤት ገባሁና ጭድ ውስጥ ደበቅሁት። ስትጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው «ዝግ ነው» የሚለው ነበር። ኮሌጅ ገብቼ ያንን ሥዕል እንደ ታቦት የተሸከምኩት ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የደም ከሆነ የእኔ አይደለማ። አጎቴን የጠላሁትን ያህል የጠላሁትም ለዚህ ነው።

እማዬ ጎመኑን መቅጠፍ አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«በሳምንቱ ጎረቤታችን ልጇን በዚያው ቀን አስወግታ መምጣቷን ነገረችኝ። ጠመኔውንም ጭዱ ውስጥ አገኘሁት። አጎትሽ እንዳያየው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።»

እኔ አይጥ የበላው፣ ወይ ልጆች የወሰዱት መስሎኝ ነበር። «ታዲያ ደምሽ ነው ሲሉሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«በሽታው እንዴት መጣ ብለው መጠየቃቸውን ካልተዉ እኮ አንቺ ላይ ይደርሱ ነበር። አጎትሽን ታውቂው የለ? 'ወንድሟን የገደለች' ብሎ ነበር የሚያሳድግሽ። ደሜ ነው ሲሉኝ ዝም አልኩ፤ መጠየቃቸውን ተዉ። አንድ ልጅ ተጎድቶብኛል፣ ሁለተኛ ልጨምር?»

አመስግኜ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ እቴ! የግንባሬ ሥር ተገተረ። «እና ያን የሒሳብ አስተማሪ ስመልሰው ለምን አልነገርሽኝም? ደሜን ፈርቼ እኮ ነው የመለስኩት! ተሸካሚ ነኝ ብዬ እኮ ነው! ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመቴ!» ብዬ ጮኽኩባት።

እጇ ላይ ያለው ጎመን ወደቀ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ይህን ፊቷን አይቼው አላውቅም፣ ወንድሜ የታመመ ቀን እንኳ።

«አልፈለግሁትም አልሽኝ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «የደሙን ወሬ አንቺም አመንሽው?»

መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጎመኑን ለቅሜ እንድሰጣት እንኳ አልፈቀደችልኝም።

የዚያኑ ቀን አዲስ ዓለም ሄድኩ። አክስቴ ገና ከሩቅ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ ሴት፣ ምን ብለሽው ነው የሄድሽው? በየቀኑ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል። ግባ ብንለው ይማታል» አለችኝ።

ወንድሜ በሩ ላይ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የሠርጉ ሸሚዝ ኮሌታው ጠቁሯል። ሲያየኝ ይማታል ብዬ ነበር። በጥፊ ቢለኝ ደስ ባለኝ። ተነሣና ቀሚሴን ጨበጠ።

«ነገ?» አለኝ።

«ዛሬ ነው» አልኩት። አልገባውም። ቃሉን አያውቀውም፣ ያስተማረው ሰው የለማ። ቦርሳውን ተቀብዬው ወደ አውቶቡሱ ሄድን።